የሲኞራዋ መስኮትና የኔ አልማዝ

ስለ አልማዝ አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። የሚያውቀው ዝም ይላል… እሱ ደግሞ ሻጩ ነው! በዚህ ዓለም ላይ ሰው ምንም ሳያውቅ ደፍሮ የሚገዛው በቅሎና አልማዝ ነው። በቅሎዋስ ብትራገጥ ለሌላ ሞኝ ትሸጧታላችሁ። አልማዙ ግን… ቆይ፣ እሱን ነው የማወራችሁ።

አትሳቁ እንጂ፣ እኔም አንድ ጊዜ አልማዝ ገዝቻለሁ። አዎ፣ እኔ! ይኸው ዛሬ ኮቴ ከክርኑ የሳሳብኝ ሰውዬ! ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ገና ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር የዛሬዋ እንዳትመስላችሁ። ጊዮርጊስ፣ ገበያው፣ ጥቂት የሣር ጎጆ፣ ጣና ዳር የተደረደረ ታንኳ፣ ከዚያ ላይ ጣልያን መጥቶ የተከለው ድንኳን፣ ቆርቆሮ ያለበሰው አንድ ሁለት ቤትና ያቆመው መኪና… በቃ። እኔ ከገበያው ዳር በአንዲት የስፌት መኪና ልብስ እሰፋ ነበር። ስሜ ቢያድግልኝ ነው። እናቴ ስታወጣልኝ ተመኝታ ነው እንጂ ቃል አልገባሁላትም።

ስንዱን የማገባው ነገር አልቆ ነበር። አባቷ ስለሞቱ ነገሩ ሁሉ በእናቷ በእመት የሺ እጅ ነው። ስማቸው የሺ ይሁን እንጂ "እሺ" ለማለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ያም ሆኖ ሽማግሌ ሄዶ፣ ተመላልሶ፣ በመጨረሻ እሺታቸውን ይዞ ተመለሰ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ተባለ። እኔም ደስ ብሎኝ የሰው ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ስሰፋ ሰነበትሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሲኞራዋ እንቁላል ልትገዛ ገበያ ወረደች። የኮማንዳንቴው ሚስት ናት፤ ኮማንዳንቴ የምለው በባሕር ዳር ላይ የተሾመውን የጣልያን አዛዥ ነው። እንቁላሉን አንድ በአንድ እያነሳች በፀሐይ ስታየው ጣቷ ላይ ያለው ነገር ብልጭ! አለ። ገበያው ቀጥ አለ። በርበሬ የሚሰፍረው ሰው ቁናውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። አህያ እንኳ ማናፋቱን አቋርጦ አየ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ፤ እኔ ራሴ ቀለበቱን አላየሁትም። እኔ ያን ጊዜ የማየው ስንዱን ነበር፤ ከእናቷ ጋር የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆማለች።

እመት የሺ ግን አዩ። በደንብ አዩ!

"ያ የሚያበራው ምንድን ነው?" አሉ።

"አልማዝ ይባላል እመቤቴ" አላቸው ሲኞራዋን ተከትሎ የመጣው አስተርጓሚ።

ይህን አስተርጓሚ እወቁልኝ። ፍሥሐ ይባላል። ጸጉሩን በቅባት አብርቶ፣ ከአሥመራ ያመጣውን ጫማ ሲጢጥ ሲጢጥ እያደረገ የሚሄድ ሰው ነው። ስንዱን ከኔ እኩል ይመኛት እንደነበር ከኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። "እኔ ብሆን ኖሮ" አለ እንደ ዘበት፣ "ለእንዲህ ያለች ልጅ አልማዝ ያለበት ቀለበት ከአሥመራ አስመጣላት ነበር።"

እመት የሺ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። "ሰማህ?"

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? "ሰማሁ" ብላችሁ መርፌያችሁን ትወጉ ነበር! እኔ ግን… ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው… "ጥምቀት ሳይደርስ አመጣለሁ!" አልሁ። አልማዝ ይዘሩት ይሁን ይቆፍሩት አላውቅም እኮ!

"ቢያድግልኝ ብለው ስም አወጡልህ" አሉ እመት የሺ ነጠላቸውን እያጣፉ። "እስኪ ማደግህን እናያለን።"

ጠቅላላ ሀብቴ ዐሥራ ስምንት ጠገራ ብርና አንዲት ፍየል ነበር። ይህን ይዤ ሐጂ ኑርዬ ዘንድ ሄድሁ። ሐጂ ጨውና አቡጀዲ የሚነግዱ፣ ምጽዋንም ጅዳንም ያዩ፣ በገበያው ውስጥ መነጽር የሚያደርጉ ብቸኛ ሰው ነበሩ።

"ሐጂ፣ አልማዝ እንዴት ነው የሚመረጠው?"

"በምን ያህል ልትገዛ ነው?"

"በዐሥራ ስምንት ብርና በአንዲት ፍየል።"

ሐጂ የያዙትን አቡጀዲ አስቀመጡ። "ፍየሏ ትታለባለች?"

"አትታለብም።"

"ሱብሐነላህ!" ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ደግ ሰው ስለነበሩ ግን አላባረሩኝም። "ስማ ልጄ። መጀመሪያ ቀለሙን ታያለህ። ውሃ የመሰለ ነጭ ይሁን፤ ወደ ቢጫ ካደላ ተወው። ከዚያ ውስጡን ታያለህ። ጉድፍ፣ ስንጥቅ፣ ጉም የመሰለ ነገር እንዳይኖርበት። አቆራረጡንም እይ፤ አንተ ልብስ ሰፊ ነህ፣ አቆራረጥ ያበላሸውን ጨርቅ ስፌት አያድነውም። የመጨረሻው ክብደቱ ነው። እንግዲህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ከየትኛው ላይ ይቀንሳል?"

"ከ… ከጉድፉ?"

"ከክብደቱ! ትንሽ ትሁን፣ ንጹሕ ትሁን። ትልቅ ሆና ጉድፋም ከምትሆን እንደ ጤፍ አንሳ ብታበራ ይሻልሃል።"

ምክሩ ወርቅ ነበር። ምን ያደርጋል! እኔ የሰማሁት በእመት የሺ ጆሮ ነው። "እንደ ጤፍ" የሚለውን ቃል እሳቸው ፊት ማን ደፍሮ ይናገራል?

"ሐሰተኛውንስ በምን አውቃለሁ?"

"አልማዝ መስታወት ይቆርጣል። ጠርሙስ ግን ጠርሙስን አይቆርጥም።"

ዓይኔ ሳላስበው ወደ መነጽራቸው ሄደ። ሐጂም መነጽራቸውን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙ።

"ሂድ ከዚህ!"

ከዚያ በኋላ ገበያ ለገበያ መጠየቅ ጀመርሁ። እንግዲህ እንደምታውቁት በአማርኛችን ትንሽ ነገር ሴት ናት። ድንጋዩ ትንሽ ነው ስለተባልሁ እኔም በሴት አንቀጽ እጠራዋለሁ። "ጥሩ አልማዝ የምታውቁ? ብዙ የማታስወጣ! ጉድፍ የሌለባት! አሮጌም ብትሆን ግድ የለኝም!" ያየሁትን ሰው ሁሉ እንዲህ እያልሁ ሦስት ቀን ዞርሁ። ሰው ደግሞ አፉን ይዞ እያየኝ ያልፋል። ለምን እንደሚያዩኝ አልገባኝም ነበር።

በአራተኛው ቀን የሱቄ ደጃፍ ጨለመ። ደመና መስሎኝ ቀና ብል… እትዬ አልማዝ! ባሕር ዳር ውስጥ አልማዝ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ባለጠጅ ቤቷ ናት። ሁለት ባል ቀብራ ሦስተኛውን ያባረረች፣ ክንዷ የኔን ወገብ የሚያህል። በእጇ የጠጅ ማማሰያዋን ይዛለች።

"አንተ ነህ ርካሽ አልማዝ የምትፈልገው?"

"እትዬ…"

"አሮጌም ብትሆን ግድ የለኝም ያልኸው አንተ ነህ?"

"እትዬ አልማዝ፣ አንቺን አይደለም! እኔ የምፈልገው ድንጋይ ነው!"

"አሁን ደግሞ ድንጋይ አልኸኝ?!"

ማማሰያው አንድ ጊዜ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አየር ላይ ሳለ የሲኞራዋን ጣት፣ የእመት የሺን ዓይን፣ የፍሥሐን ጫማ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናዘዝሁ። ማማሰያውን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ሳቀች። እትዬ አልማዝ ስትስቅ የጣና ጉማሬ ሁሉ ቀና ብሎ ያያል።

"አንተ የተባረክህ! አልማዝ ፈልገህ አልማዝ ዘንድ ሳትመጣ እንደ ውሻ ትዞራለህ?" አለችና የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች።

ቀለበት! ላዩ ላይ ሽምብራ የሚያህል ድንጋይ ተቀምጦበታል። ነጭ ነው። ጉድፍ ብፈልግ የራሴን ፊት ብቻ አየሁበት።

"አንድ የጣልያን ሹፌር ሦስት ቀን ሙሉ ጠጥቶ በጠጁ ፈንታ የሰጠኝ ነው። የአያቴ ነው ብሎኛል። ይኸው፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አላልፍ ብሎ ተቀምጧል።"

በዐሥራ ስምንቱ ብር፣ በፍየሏና አንድ ቀሚስ ልሰፋላት ተስማማን። ስለ ቀሚሱ አልናገርም፤ የሰው ገላ አይወራም። ክር ግን አልቋል።

"መጀመሪያ ግን ልፈትነው" አልኋት።

"ፈትነው። ብርሌዬን እንዳትነካ!"

እንግዲህ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ብርሌውን ተከለከልሁ፣ የሐጂን መነጽር ተከለከልሁ። ጠርሙስ የለም ወይ ትሉኛላችሁ። ያን ጊዜ ባዶ ጠርሙስ ያለው ሰው ዘይት ይይዝበታል እንጂ ጫሩበት ብሎ አያውስም። ታዲያ በባሕር ዳር ምን መስታወት ቀረ? አንድ ብቻ። የኮማንዳንቴው ቤት መስኮት።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" ልትሉኝ ነው። እኔ ግን ያሰብሁበት መስሎኝ ነበር። ጣልያን ምሳውን በልቶ እንደሚተኛ ሁሉም ያውቃል። በጠራራ ፀሐይ፣ በጣና በኩል፣ በደንገሉ መሐል ጎንበስ ብዬ ሄድሁ። ዘበኛው ጠመንጃውን ታቅፎ ያንኮራፋል። መስኮቱ ሥር ደረስሁና ድንጋዩን መስታወቱ ላይ አድርጌ ጫን አልሁት።

ጪ…ጪ…ጪርርርር!

እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር! ቆርጦታል! ልቤ ዘለለች። ከዚያ "አንድ መስመር ብቻውን ምስክር አይሆንም" ብዬ በላዩ ላይ ሌላ አቋረጥሁበት። ምን ነካኝ? እንጃ።

መጋረጃው ተከፈተ። ሲኞራዋ! ጸጉሯን በወረቀት ጠቅልላ፣ አፍንጫዬና አፍንጫዋ መሐል ያ መስታወት ብቻ አለ። እሷ በጣልያንኛ ጮኸች፤ እኔ በአማርኛ ጮኽሁ። ዘበኛው በየትኛው እንደነቃ አላውቅም።

ኮማንዳንቴው በካናቴራ ወጥቶ መስኮቱን አየ። ሁለት መስመር ተላልፎ ምን ይሠራል? መስቀል! በዚያን ሰሞን አርበኞች ጫካውን ይዘው ለጣልያን እንቅልፍ ነስተውታል፤ መስኮቱ ላይ መስቀል ያየ አዛዥ "በዚህ ግቡ" የሚል ምልክት ነው ብሎ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ሰው ያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ይሰቀል ነበር። ዛሬ እንደ ቀልድ አወራችኋለሁ እንጂ ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም።

አስተርጓሚ ተጠራ። ማን ይመጣል? ሲጢጥ… ሲጢጥ… ፍሥሐ!

"ምን ስትሠራ ነበር? ይልሃል" አለኝ ፊቱ በርቶ።

"አልማዝን እየፈተንሁ ነበር።"

ወደ ኮማንዳንቴው ዞሮ ከኔ ንግግር ዐሥር እጥፍ የሚረዝም ነገር ተናገረ። ከመሐሉ "ዶና" የሚል ቃል ያዝሁ። ዶና ሴት ማለት እንደሆነ ሱሪ ሊያስጠብቡ ከሚመጡ ወታደሮች ተምሬአለሁ፤ ወታደር ሌላ ምን ያስተምራል?

"ኖ ዶና!" ብዬ ጮኽሁ። "ፒዬትራ! ፒዬትራ!" ድንጋይ ማለት ነው።

ፍሥሐ ይህንንም ተረጎመ። ምን ብሎ እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ኮማንዳንቴው ግን ጠረጴዛውን መትቶ አልማዝ የምትባለዋ ድንጋይ ወርዋሪ ሽፍታ ባስቸኳይ ተይዛ እንድትመጣ አዘዘ። አራት ወታደር ሄደ። ሲመለሱ እትዬ አልማዝ ፊት ፊት፣ አራቱ ኋላ ኋላ። አንደኛው ያነክሳል። ማን ማንን እንደያዘ ልትፈርዱ ትችላላችሁ።

"ቀለበቱን ከየት አመጣሽው?" አላት ፍሥሐ።

"ከዚያ!" በማማሰያዋ በበሩ በኩል ወደ ግቢው አመለከተች። የኮማንዳንቴው ሹፌር መኪና ያጥባል። ጎትተው አስገቡት። ድሮም ነጭ ነው፤ ቀለበቱን ሲያይ ግን አቡጀዲ ሆነ።

ኮማንዳንቴው ቀለበቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው። ቅንድቡ ተሰበሰበ። ወደ ሚስቱ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ቋንቋውን ባላውቅም ጣቱ መጀመሪያ ወደ ቀለበቱ፣ ከዚያ ወደ እጇ ሲሄድ አየሁ። እኔም እጇን አየሁ። ባዶ ነው!

ወይ ጉድ! ለካ በገዛ ቀለበቷ የገዛ መስኮቷን ነው የቆረጥሁት! አሁንስ ሽፍታ ብቻ አይደለሁም፣ ሌባም ሆንሁ። ጊዮርጊስን "በአንተ ደጅ ያደግሁ ልጅ ነኝ" ብዬ መማጸን ጀመርሁ።

ሲኞራዋ ቀለበቱን አየች። ሹፌሩን አየች። ባሏን አየች። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች።

"ቬትሮ!" አለች።

"ጠርሙስ ነው!" ብሎ ፍሥሐ ሳልጠይቀው ተረጎመልኝ። በዕድሜው በትክክል የተረጎመው ያንን ብቻ ይመስለኛል። "የሷ ቀለበት አሥመራ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሊጠብብ ሄዷል። ይህ ጠርሙስ ነው!"

ኮማንዳንቴው መጀመሪያ ተነፈሰ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ቀለበቱን ወረወረልኝ። "ድንጋይ ከወደደ ድንጋይ ይሸከም!" ብሎ ፈረደ። ጣና ዳር ጣልያን በሚያሠራው ወደብ ላይ ሦስት ቀን። እትዬ አልማዝን ግን ማንም የት ትሄጃለሽ አላላትም፤ ወደ ጠጇ ተመለሰች።

ድንጋዩን እየተሸከምሁ አስባለሁ። ሐጂ "ጠርሙስ ጠርሙስን አይቆርጥም" ብለዋል። መስታወቱ ደግሞ ተቆርጧል። ታዲያ ሲኞራዋ ለምን…? ግን ማን ይሰማኛል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ በማግስቱ ባሕር ዳር ሁሉ "ጠርሙሱ ሙሽራ" እያለ ነበር።

እመት የሺ ራሳቸው ወደቡ ድረስ መጡ። ቀለበቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ አገላበጡት።

"እንዲያው በሞቴ፣ ቁርጥ የሲኞራዋን አስመስለህ በጠርሙስ አሠርተህ ልታታልለኝ? መልኩ የሷ፣ ቅርጹ የሷ! ሌባ እንኳ እንዲህ አይሳካለትም!"

"እመት የሺ፣ እውነተኛ እኮ ነው…"

"ባለቤቷ ጠርሙስ ያለችውን? በቃ፣ ነገሩ ቀርቷል። አቶ ፍሥሐ ከአሥመራ አዟል።" ቀለበቱን እጄ ላይ ወርውረው ሄዱ።

ያን ቀን የተሸከምሁት ድንጋይ ሁሉ ልቤ ላይ ነበር። አትሳቁ፣ እዚህ ላይ አይሳቅም። ስንዱን ላጣ ነው!

በሦስተኛው ቀን ጧት ስንዱ ውሃ ልትቀዳ መጣች። እጮኛ ከእጮኛ ጋር በአደባባይ ማውራት ያን ጊዜ ነውር ነው። ስለዚህ ፊቷን ወደ ጣና አዙራ፣ እንስራዋን እያለቀለቀች ተናገረች፤ ያየ ሰው ከዓሣ ጋር የምትማከር ይመስለዋል።

"እስካሁን ድንጋይ አልጠገብህም?"

"ስንዱዬ፣ እውነተኛ ነው። መስታወት ቆርጧል።"

"ቢቆርጥስ? እኔ ምን ልቆርጥበት ነው፣ ሽንኩርት?"

"እናትሽ ናቸው እንጂ…"

"እናቴ ከዚያች ቅዳሜ በፊት ስለ አልማዝ ሰምታም አታውቅ። የሷ ሕልም ሌላ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራችን ያፈስሳል፤ ድስት፣ ገንቦ፣ ያለንን ሁሉ ደርድረን እናድራለን። ጣልያን ቆርቆሮ ያለበሰውን ቤት ባየች ቁጥር አንገቷ እስኪጣመም ታያለች። ቆርቆሮ አምጣ ማለት ቢያሳፍራት ነው ቀለበት ያለችው፤ ብልጭ የሚል ነገር ነው የምትፈልገው።" እንስራዋን ነከረች። "እኔ ያን ፍሥሐን አላገባም። ጫማው ይጮኻል። ዕድሜ ልኬን የዚያን ጫማ ድምፅ ልሰማ? አንተ አንድ ነገር አድርግ።"

እንስራዋን አዝላ ሄደች። አንድ ነገር አድርግ! ሴት ልጅ እንዲህ ስትል ቀላል ነው እኮ። ቆርቆሮ ከየት ላመጣ? የጣልያን ጦር ዕቃ ነው!

ሱቄን በከፈትሁበት ቀን ሲኞራዋ ብቻዋን መጣች። የባሏን ኮት ይዛለች፤ አንድ ቁልፍ ወልቋል። ኮቱን ሰጠችኝና ግራ ቀኝ አይታ በተሰባበረ አማርኛ፦

"ሰፊ… ያ ቀለበት… የኔ" አለች።

"ሲኞራ፣ ጠርሙስ ነው ብለው አልነበረም?"

"ባል አለ… ጠርሙስ። ባል የለም… አልማዝ።"

እንዲህ ያለ ግልጽ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም። ቀሪውን በእጇ አስረዳችኝ። ባሏ መንገድ ሊጎበኝ ሲሄድ ቀኑ አልገፋ ይላታል፤ ከሹፌሩ ጋር ካርታ ትጫወታለች፤ አንድ ቀን ያላትን ተበልታ ቀለበቷን አስያዘች፤ እሱንም ተበላች። ሹፌሩ ደግሞ በእትዬ አልማዝ ጠጅ ጠጣበት። ለባሏ አሥመራ ተልኳል ብላ ዋሽታለች። ያን ቀን "የኔ ነው" ብትል ካርታው፣ ሹፌሩ፣ ሁሉ ሊወጣ ነው። "ጠርሙስ" ስትል ነፍሴን ያተረፈችው ለኔ አዝና እንዳይመስላችሁ!

ሊሬ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አስቀመጠች። እጄ ሊሄድ ሲል ስንዱ ትዝ አለችኝ።

"ሊሬ አልፈልግም" አልሁ። "ቆርቆሮ!"

"ኮዛ?"

ቃሉ አልገባትም። ጠመኔዬን አነሳሁና ሳላስበው በባሏ ኮት ጀርባ ላይ ቤት ሳልሁ፤ ከላዩም ሞገድ ሞገድ የሚል ጣራ። ሲኞራዋ ኮቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ገባት። አምስት ጣቷን አሳየችኝ። እኔ ዐሥሩን ጣቴን ሦስት ጊዜ ዘረጋሁ። ግንባሯን መታች። ዕቃውን በባሏ ፊት ጠርሙስ ያለች ገዢ እንደልቧ አትከራከርም፤ በሃያ አራት ቆርቆሮ ተስማማን። ኮቱን አራግፌ፣ ቁልፉን ሰፍቼ፣ ቀለበቷን ከኪሱ ከትቼ ሰጠኋት።

ቆርቆሮውን ከጦሩ መጋዘን እንዴት እንዳወጣች አልጠየቅሁም። እዚህ አገር የመጡት ሳይጠይቁን ነው፤ እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልሁ። ያው ሹፌር በመኪና ጭኖ አመጣው፤ ሲኞራዋ አዝዛው ይመስለኛል እስከ ምስማሩ ድረስ መታልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ጎጆዬ ላይ ተሰቅሎ ሲመታ በጣልያንኛ ይራገማል፤ እኔ ከሥር ሆኜ ምስማር አቀብላለሁ።

ፀሐይ ስትወጣበት… ብልጭ! ከገበያው ይታያል። ሰው ሁሉ እያቋረጠ ይመጣል። ሐጂ ኑርዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

"አልማዝ ለመግዛት አልነበረም የሄድኸው?"

"ነበር ሐጂ።"

"ታዲያ ክብደቱን ትንሽ አላበዛኸውም?"

እመት የሺም መጡ። ደጃፌ ላይ ቆመው አንገታቸውን ወደ ላይ አቀኑ፤ አልመለስ አለ። በዚያ መሐል ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ፍሥሐ መጣ፤ ከአሥመራ ያስመጣትን ቀለበት በትንሽ ሳጥን ይዟል።

"እመቤቴ፣ ይኸው አልማዙ!" አለ ሳጥኑን ከፍቶ።

"እስኪ ዞር በል፣ ጥላህን ጣልህብኝ" አሉት ከጣራው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። እትዬ አልማዝ ጠጁን ጠመቀች፤ ያቺን ፍየል አሳርዳ ይዛ መጣች፤ ከዐሥራ ስምንቱ ብር ሁለቱን መልሳ ጉያዬ ውስጥ ወሸቀችልኝ። እነዚያኑ ሁለት ብር አንጥረኛ ቀጥቅጦ ለስንዱና ለኔ ድንጋይ የሌለበት ቀለበት ሠራልን። በሳምንቱ ሲኞራዋ "ከአሥመራ መጣልኝ" ብላ ቀለበቷን አድርጋ ገበያ ወረደች። እመት የሺ ክንዴን ያዙኝ። "እይ! እውነተኛ ማለት ያ ነው! የአንተን ጠርሙስና የሷን ድንጋይ አሁን አስተያይ! ዓይን ያለው ሰው ይለየዋል" አሉኝ። "እውነትዎን ነው" አልኋቸው።

እንግዲህ አእምሮ ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ያንን ቆርቆሮ የት ላይ ይመታው ነበር? እሳቸው ቤት ላይ! እኔ የኔው ጎጆ ላይ መታሁት። ሰኔ ገባና የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። እመት የሺ "የቆርቆሮውን ድምፅ አንድ ቀን ልስማ" ብለው መጡ። አልጋችንን ለቀቅንላቸው። ጧት ሲነሱ "እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም፤ ዝናቡ ሲያባራ እሄዳለሁ" አሉ። ዝናቡ መስከረም ላይ አባራ። እሳቸው ግን በጋ ሲሆን ፀሐዩን፣ ክረምት ሲሆን ዝናቡን እያሳበቡ ከረሙ። ጣልያን በአምስት ዓመቱ ከነመኪናው ከአገር ወጣ። አማቴ ግን… አርበኛ ሁሉ ቤቴ መጥቶ በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ፎክሯል፤ እሳቸውን ግን የሚያስወጣ አንድ ጀግና አልተገኘም።

ስለዚህ ለእጮኛችሁ ቀለበት ልትገዙ የምታስቡ ሁሉ፣ አቅማችሁ በፈቀደ ቀለበቱን ግዙ። ትንሽም ብትሆን፣ ጠርሙስም ብትሆን፣ ተበድራችሁም ቢሆን ግዙ። ቀለበት ውስጥ አማት አትገባም!